ከገለፈት የሚወጣው ካርቦን ለማን ነው?

የጣና እንቦጭ በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል። «ይህን ሁሉ አረም ነቅሎ ዳር ላይ ከመከመር፣ አክስለን የውሃ ማጣሪያ ካርቦን ለምን አንሠራበትም?» ጥያቄው በእንቦጭ ብቻ አይቆምም። የቡና ገለፈት፣ የጤፍ ጭድ፣ የጫት ገራባ፣ ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣው ባጋስ፣ አፋርን የወረረው ፕሮሶፒስ የተባለው ዛፍም በየተራ ይጠራሉ። የየዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ደግሞ «ይቻላል» ብለው ይመልሳሉ። ልክ ናቸው። ከእነዚህ ከብዙዎቹ አክቲቬትድ ካርቦን ተሠርቷል፤ ውጤቱም የመመረቂያ ጽሑፍ ሆኖ በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጧል።

ስህተቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው «ከተቻለማ የቀረው ገንዘብና የመንግሥት ትኩረት ነው» ብሎ ይደመድማል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ካርቦኑን መሥራት ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ሙያ ነው። ያልተመለሰው ጥያቄ ካርቦኑ ከየትኛው ውሃ የትኛውን ቆሻሻ እንደሚያወጣ፣ ማን እንደሚገዛው፣ ሲሞላስ ማን እንደሚረከበው ነው። ውይይቱ ከጥሬ ዕቃው ሳይሆን ከገዢው መጀመር አለበት። ከዚያ ሲጀመር የተለመደው ዝርዝር ይገለበጣል። እንቦጭ ከመዝገቡ ይወጣል፤ ከካርቦን ባትሪ የመሥራቱ ተስፋ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ማንም ብዙ የማያወራላቸው የቡና መፈልፈያ ጣቢያዎችና የቄራ አጥንት ወደ ፊት ይመጣሉ።

ከሰል ሁሉ አንድ አይደለም

ለቡና ማፍያ የሚገዛው ከሰልና በማጣሪያ ውስጥ የሚገባው ካርቦን ከአንድ እንጨት ሊወጡ ይችላሉ። ልዩነቱን ለማየት አንድ ጭብጥ የቡና ገለፈት አየር በማይገባበት እቶን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን መከታተል ይበቃል። እስከ 100 ዲግሪ ገደማ እርጥበቱ ይተናል። ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሄሚሴሉሎስና ሴሉሎስ ተሰባብረው ጋዝ፣ ጭስና ሬንጅ ይሆናሉ። ጠንካራው ሊግኒን ቀስ እያለ እስከ 500 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይዘልቃል። በመጨረሻ የሚተርፈው ከመነሻው ክብደት ሲሶ የማይሞላ ጥቁር ነገር ነው። ቀዳዳ አለው፤ አብዛኛው ቀዳዳ ግን በሬንጅ ተደፍኗል። ለምድጃ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ለማጣሪያ ግን «ማንቃት» የሚባል ሁለተኛ እሳት ያስፈልገዋል። ከሰሉ ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ እንዲግል ተደርጎ የውሃ እንፋሎት ይለቀቅበታል። እንፋሎቱ ሬንጁን ይጠርጋል፤ ቀጥሎም ካርቦኑን ራሱን መብላት ይጀምርና ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሆኖ ይወጣል። በበላበት ሁሉ ቀዳዳ ይቀራል። በዚህ ሒደት የከሰሉ ግማሽ ገደማ ይጠፋል። የሚቀረው 1 ግራም ካርቦን በውስጡ 1000 ካሬ ሜትር የሚያህል የገጽ ስፋት ሊኖረው ይችላል፤ ሰባት ግራሙ ቢዘረጋ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ጋር ይቀራረባል።

ብዙ ሰው ይህን ካርቦን እንደ ወንፊት ያስበዋል። አሠራሩ ግን ሌላ ነው። በውሃው ውስጥ የሟሟው የቀለም ወይም የፀረ ተባይ ሞለኪውል በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ግድግዳው ሲሞላ የካርቦኑ ሥራ ያበቃል። ስለዚህ የቀዳዳው ስፋት ከሚያዘው ነገር ጋር መመጣጠን አለበት። ከ2 ናኖሜትር የሚጠቡት ለጋዝና ለትናንሽ ሞለኪውሎች ይመቻሉ፤ ከ2 እስከ 50 ናኖሜትር የሚደርሱት ትላልቅ የቀለም ሞለኪውሎችን ያስገባሉ። «ጥሩ ካርቦን» ተብሎ በደፈናው የሚመሰገን ነገር የለም ማለት ነው። አንድ ካርቦን ጥሩ የሚሆነው ለአንድ ሥራ ነው።

የካርቦን ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ቶቢያስ ሎቪትስ ከሰል ፈሳሾችን እንደሚያነጣ በሩሲያ ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1785 ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአውሮፓ ስኳር ፋብሪካዎች ሽሮፓቸውን ለማንጣት የአጥንት ከሰል ይገዙ ነበር። ራፋኤል ፎን ኦስትሬይኮ በእንፋሎትና በኬሚካል የማንቃት ዘዴዎችን በፓተንት ያስመዘገበው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ሚያዝያ 1915 (እ.ኤ.አ.)፣ በኢፕር ግንባር የክሎሪን ጋዝ ከተለቀቀ በኋላ ግን የካርቦን ፍላጎት እየጨመረ ሄደ፤ የጋዝ ጭንብሎች በካርቦን መሞላት ጀምረው ነበርና። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1918 ሕዝቡ የኮክ ፍሬና የለውዝ ዓይነቶችን ቅርፊት እንዲያሰባስብ ዘመቻ አካሄደች። የተፈለገው ጠንካራ ቅርፊት የሆነው በምክንያት ነው፤ ጠጣር ቅርፊት ጠባብ ቀዳዳ ይሰጣል፤ ጋዝን የሚይዘው ደግሞ ጠባብ ቀዳዳ ነው። መጀመሪያ ሥራው ታወቀ፤ ጥሬ ዕቃው የተመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ የሚደረገው ውይይት ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦታል።

ሁሉን ውሃ የሚያጠራ ካርቦን የለም

ከተክል የሚሠራ አክቲቬትድ ካርቦን ክሎሪንን፣ መጥፎ ሽታና ጣዕምን፣ ብዙ ዓይነት ፀረ ተባይ መድኃኒቶችን፣ የጨርቃ ጨርቅ ቀለሞችን በደንብ ይይዛል። በግድብ ውሃ ላይ አልጌ ሲበዛ የሚመጣውን የአፈርና የሻጋታ ሽታ ለማጥፋት ብዙ የዓለም ከተሞች የካርቦን ዱቄት ወደ ውሃው ይጨምራሉ። ጨውን ግን አይነካውም። ጀርም አይገድልም፤ እንዲያውም ሳይቀየር የከረመ ማጣሪያ የባክቴሪያ መራቢያ ሊሆን ይችላል። የስምጥ ሸለቆን ሕዝብ ያስቸገረውን ፍሎራይድንም ይህ ነው በሚባል መጠን አያወጣም።

የመጨረሻው ነጥብ በተለይ ትኩረት ይፈልጋል፤ በኢትዮጵያ «ካርቦን» እና «ንጹሕ ውሃ» የሚሉት ቃላት አብረው ሲነሱ አድማጩ ቶሎ የሚያስበው የስምጥ ሸለቆን ጉድጓዶች ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት ለፍሎራይድ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ከ10 ሚሊ ግራም የሚበልጥ ውሃ የሚሰጡ ጉድጓዶች አሉ። ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል፤ ለረጅም ዓመታት የጠጡት ደግሞ አጥንታቸው ተበላሽቶ ጀርባቸው ይጎብጣል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው የችግሩን ስፋት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጥናት አሳይተዋል። ለዚህ ውሃ የሚሠራው የአጥንት ከሰል ነው። ይህ ከሰል ከካርቦን ይልቅ በብዛት ካልሲየም ፎስፌት ነው፤ ፍሎራይዱንም የሚይዘው ካልሲየም ፎስፌቱ እንጂ ካርቦኑ አይደለም። በኬንያ የናኩሩ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት የአጥንት ከሰል ማጣሪያዎችን ለዓመታት ሲያመርት ቆይቷል። በኢትዮጵያም የኦሮሞ ራስ አገዝ ድርጅት ከስዊዘርላንድ አጋሮች ጋር በስምጥ ሸለቆ ይህንኑ ሞክሯል።

የአጥንት ከሰል አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ዝርዝሩ ግን ይቀጣል። አጥንቱ በደንብ ሳይከስል ከወጣ ውሃው ይሸታል፤ ቀለምም ይይዛል። እሳቱ ከልክ ካለፈና አጥንቱ ከነጣ ደግሞ ፍሎራይድ የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። የተስተካከለው ከ400 እስከ 500 ዲግሪ አካባቢ አየር ሳይገባው የከሰለው፣ ጥቁር ወይም ግራጫማ ጥቁር የሆነው ነው። በሊትር 8 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ያለው ውሃ በቀን 20 ሊትር የሚጠቀም ቤተሰብ ቢኖር፣ ወደ 1.5 ለማውረድ በቀን 130 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ መያዝ አለበት። አንድ ግራም የአጥንት ከሰል በተግባር 2 ሚሊ ግራም ቢይዝ 10 ኪሎው አምስት ወር ገደማ ያገለግላል። ከዚያ ወዲያ ውሃው በዓይን ሲታይ ያው ነው፤ ጣዕሙም አይለወጥም። ፍሎራይዱ ግን ተመልሶ ያልፋል። ማጣሪያውን ማደል የፕሮጀክቱ ቀላል ክፍል ነው፤ ከባዱ በየወሩ እየዞሩ የሚለኩ፣ የሞላውን የሚቀይሩ ሰዎችን በደመወዝ ማቆየት ነው። አጥንቱ ከየት እንደመጣና የየትኛው እንስሳ እንደሆነ የሚነሳው የእምነት ጥያቄም በቅድሚያ ከኅብረተሰቡ ጋር ካልተመከረበት ማጣሪያውን ጥግ ላይ ያስቀምጠዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ናቸው። ከጤፍ ጭድ፣ ከቡና ገለፈትና ከሌሎች ተረፈ ምርቶች ተሠርተው ክሮሚየምን በከፍተኛ መቶኛ እንዳስወገዱ የተጻፈላቸው ካርቦኖች ብዙ ናቸው። ሙከራው እንዴት እንደተካሄደ ሲታይ ግን በአብዛኛው በተጣራ ውሃ ላይ ፖታሲየም ዳይክሮሜት ሟሙቶ፣ አሲድነቱ ወደ ፒኤች 2 ተወስዶ ነው። ያ ውሃ ስድስት ቫለንሲ ያለው ክሮሚየም ብቻ ይዟል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ግን በአብዛኛው ሦስት ቫለንሲ ክሮሚየም ነው፤ በውስጡም ጨው፣ ሰልፋይድ፣ ኖራ፣ ስብና ፀጉር አብረው ይሄዳሉ። ሦስት ቫለንሲው ክሮሚየም ውሃው በኖራ ወደ ፒኤች 8 ወይም 9 ሲመለስ በራሱ ይዘቅጣል። ለዚህ ኖራ ከካርቦን እጅግ ይረክሳል። ካርቦን ቦታ ካለው ከኖራው በኋላ የቀረውን ለማጥራት ነው። ቤተ ሙከራው የመለሰው ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ ፋብሪካው የጠየቀው ግን እሱን አልነበረም።

ቀዳዳ በበዛ ቁጥር ይሻላል?

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ሌላ ተስፋ ተጨምሯል፤ «ከቡና ገለፈት ባትሪ» የሚል። ተስፋው ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። የጃፓኑ ኩራሬይ ኩባንያ ከኮኮናት ቅርፊት የሠራውን ካርቦን ለሱፐርካፓሲተር አምራቾች ይሸጣል። የቻይናው ሲኤቲኤል እ.ኤ.አ. በ2021 የሶዲየም አዮን ባትሪ ካስተዋወቀ ወዲህ ደግሞ ከተክል የሚሠራ ሃርድ ካርቦን ፈላጊው በዝቷል። ሶዲየም እንደ ሊቲየም በግራፋይት ውስጥ እንደልቡ ስለማይገባ አሉታዊው ኤሌክትሮድ ከሃርድ ካርቦን ይሠራል።

እዚህ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደበላለቃሉ። ሱፐርካፓሲተር ኤሌክትሪክን የሚይዘው በካርቦኑ ገጽ ላይ አዮኖችን በማሰለፍ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ገጽ ይፈልጋል። በሰከንዶች ይሞላል፣ በሰከንዶች ይለቅቃል። በኪሎ የሚይዘው ኃይል ግን በተለመደው ምርት 5 እስከ 10 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ የሊቲየም ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ይበልጣል። መኪናን ረጅም መንገድ አያስኬድም። የሶዲየም ባትሪው ሃርድ ካርቦን ደግሞ የተገላቢጦሹን ይፈልጋል። ገጹ የሰፋ ካርቦን ባትሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ሶዲየሙን በገጹ ላይ አስቀርቶ ያባክነዋል። የሚፈለገው ከውጭ የተዘጋ፣ በውስጡ ግን ክፍተት ያለው ካርቦን ነው። «የእኛ ካርቦን 2000 ካሬ ሜትር ደረሰ፤ ለባትሪ ተዘጋጀ» የሚል ዜና እርስ በርሱ ይጋጫል።

የገጽ ስፋቱ ውድድርም ራሱ መመርመር አለበት። በቤተ ሙከራ 2000 እና 3000 ካሬ ሜትር የሚደርሱት ካርቦኖች አብዛኛውን ጊዜ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተሠሩ ናቸው። ለ1 ኪሎ ከሰል 3 ወይም 4 ኪሎ ኬሚካል ይደባለቃል፤ ከ700 እስከ 900 ዲግሪ ይጋገራል፤ ከዚያም በአሲድና በብዙ ውሃ ይታጠባል። ኬሚካሉ እቶኑን ይበላል፤ እጥበቱም ሌላ መጣራት ያለበት ፍሳሽ ይወልዳል። ኬሚካሉን በውጭ ምንዛሬ ገዝቶ ወንዝ የሚያጠራ ካርቦን እየሠሩ ሌላ ወንዝ ማቆሸሽ የሚቻልበት መንገድ ነው። በዓለም ገበያ የሚሸጠው አብዛኛው ካርቦን በእንፋሎት፣ ቀጥሎም በፎስፎሪክ አሲድ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። በጽሑፍ ላይ ደምቆ የሚታየው ቁጥርና በፋብሪካ ሒሳብ ላይ የሚያዋጣው ቁጥር አይገናኙም።

የባትሪ ገዢ አመዱ ከ1 በመቶ በእጅጉ ያነሰ፣ ከዓመት ዓመት የማይለዋወጥ ካርቦን ይፈልጋል። የቡና ገለፈት ፖታሲየም ይበዛበታል፤ አመዱ ብዙ ነው። በአሲድ ማጠብ ይቻላል፤ ዋጋው ግን ይጨምራል። በአገር ውስጥ የባትሪ ኤሌክትሮድ የሚሠራ ፋብሪካ ስለሌለ ገዢው ቻይና ወይም ጃፓን ነው፤ ተወዳዳሪው ደግሞ በገበያው የተደላደለው የኮኮናት ቅርፊት ካርቦን ነው። ለምርምር ይህ መልካም መስክ ነው። ለመጀመሪያ ፋብሪካ ግን መጥፎ መነሻ ነው።

የእንቦጭ ሒሳብና የገለፈት ሒሳብ

እንቦጭ በጣና ከታየ ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ብዙ ላብ ፈስሶበታል፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተካሄደው የአንድ ወር ዘመቻ ብቻ ብዙ ሕዝብ አሰልፏል። የተነቀለው ክምር ትልቅ ስለሆነ ሀብት ይመስላል። ሒሳቡ ግን ቶሎ ይሟሟል። እርጥብ እንቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ከ1 ቶን እርጥብ አረም ቢበዛ 100 ኪሎ ደረቅ ይገኛል። ያ ሲከስል 30 ኪሎ ገደማ፣ በእንፋሎት ሲነቃ ደግሞ 15 ኪሎ ወይም ከዚያ ያነሰ ይሆናል፤ ከዚያም ላይ ከፍተኛ ድርሻ ያለው አመድ ነው። 1 ቶን ከውሃ ጎትቶ፣ አጓጉዞ፣ አድርቆ 15 ኪሎ ካርቦን ማግኘት የሚያዋጣው ሌላ ሰው አረሙን የማውጣቱን ወጪ ከቻለ ብቻ ነው። ሌላም እክል አለ፤ ዘመቻው ቢሳካ ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ ያጣል። ጥሬ ዕቃው እንዳይጠፋ መመኘት ያለበት ፋብሪካ የሐይቁ ወዳጅ ሊሆን አይችልም።

የቡና ገለፈት ሒሳብ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ቶን ገደማ ቡና ታመርታለች፤ ብዙው በደረቅ ዘዴ ይዘጋጃል። በደረቅ ዘዴ ለ1 ኪሎ ቡና 1 ኪሎ ገደማ ገለፈት ይወጣል። ጂማ፣ ሊሙ ወይም ወለጋ ያለ መፈልፈያ ጣቢያ ጀንፈሉን በአንድ በኩል ያስገባል፤ ገለፈቱ በሌላ በኩል በቧንቧ እየተነፋ ጓሮ ላይ ይቆለላል። ደርቋል፣ ተሰብስቧል፣ የማጓጓዣው ወጪ ከቡናው ጋር ተከፍሏል። ከእንቦጭ የሚለየው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ የመሰብሰቡ ወጪ ቀድሞ በሌላ ምርት ላይ ተከፍሏል። ስሪላንካና ፊሊፒንስ በኮኮናት ካርቦን የታወቁት ከሌላው የተሻለ ኬሚስት ስለነበራቸው ሳይሆን የኮኮናት ማቀነባበሪያዎቻቸው ቅርፊቱን ቀድመው አንድ ቦታ ይቆልሉት ስለነበር ነው።

ገለፈትም ቢሆን ለሁሉም አይሆንም። ለስላሳና ቀላል ስለሆነ የሚሰጠው ካርቦን በእጅ ሲታሽ ይደቃል። ለምሳሌ ወርቅን በሳያናይድ አሟሙተው የሚያወጡ ፋብሪካዎች ወርቁን የሚያነሱት በካርቦን ነው፤ ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካው ሆምስቴክ ማዕድን በትልቅ ደረጃ ከተጀመረ ወዲህ ተስፋፍቷል። እዚያ ካርቦኑ ከተፈጨ ድንጋይ ጋር በትልቅ ጋን ውስጥ ሲማሰል ይውላል። ከደቀቀ ወርቁን ይዞ ከጭቃው ጋር ይሄዳል፤ ስለዚህ የሚገዙት ጠንካራ የኮኮናት ቅርፊት ካርቦን ነው። ከገለፈት የሚወጣው ካርቦን ቦታው ዱቄት ሆኖ የሚጨመርበት ሥራ ነው፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሽን ቀለም ማንሳት፣ የውሃን ሽታ ማጥፋት፣ ዘይትና ሽሮፕ ማንጣት። 1000 ቶን ገለፈት የሚያወጣ ጣቢያ 300 ቶን ያህል ከሰል፣ ሁሉም በእንፋሎት ቢነቃ 150 ቶን ያህል ካርቦን ሊሰጥ ይችላል። ሲከስል የሚወጣው ጋዝ ራሱ ተቃጥሎ እቶኑን ያሞቃል፤ እንፋሎቱንም ያፈላል። ጋዙ ሳይቃጠል ወደ አየር ከተለቀቀ ግን ሚቴን ይዞ ይወጣልና «አረንጓዴ» የሚለው ስም ባዶ ይሆናል።

ተቃዋሚዎቹ ምን ይላሉ?

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከደን ጠባቂዎች ይመጣል። ለከሰል ፋብሪካ ፈቃድ መስጠት ለዛፍ ቆራጭ በር መክፈት ነው ይላሉ። ስጋቱ በምክንያት ነው። በአፋር ፕሮሶፒስን ለመቆጣጠር ማኅበራት እንዲያከስሉት ሲፈቀድ፣ በፕሮሶፒስ ስም የግራርም ከሰል ወደ ከተማ መውጣቱ ችግር ሆኖ ታይቷል። ከሰል ከሆነ በኋላ የዛፉን ዘር በዓይን መለየት ከባድ ነው። መፍትሔው ግን ካርቦንን መተው አይደለም። ማንም ዛፍ ቆርጦ የቡና ገለፈት ነው ሊል አይችልም፤ ዱቄት መሆኑና ከመፈልፈያው ጓሮ መውጣቱ በራሱ ቁጥጥር ነው። ይህ ፕሮሶፒስን ከመጀመሪያው ዝርዝር ለማስወጣት ጥሩ ምክንያት ነው፤ ምንም እንኳ እንጨቱ ጠጣር በመሆኑ ከገለፈት የተሻለ ፍርፍር ካርቦን ቢሰጥም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአፈር ባለሙያዎች የሚመጣ ሲሆን ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ደጋ አፈር አሲዳማ ነው። በ500 ዲግሪ የከሰለ ገለፈት ሳይነቃ በቀጥታ ማሳ ላይ ቢገባ አሲድነቱን ይቀንሳል፤ ፖታሲየሙም ለሰብል ይሆናል። የጂማ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጥንትና የቡና ገለፈትን ወደ ማዳበሪያ ለመቀየር አብረው ሠርተዋል። ይህ መንገድ እጅግ ቀላል ነው፤ ሁለተኛውን እሳት አይጠይቅም፣ ግማሹን ከሰል አያጠፋም፣ ገዢውም ጎረቤት ያለው ገበሬ ነው። ለባትሪ ጠላት የሆነው አመድ እዚህ ወዳጅ ይሆናል። ይህን ክርክር ማሸነፍ አይቻልም፤ መቀበል እንጂ። ከገለፈቱ ከሰል ብዙው ወደ አፈር ቢሄድ፣ የሚነቃው ደግሞ የታወቀ ገዢ ያለው ድርሻ ብቻ ቢሆን ይሻላል።

ሦስተኛዎቹ ነጋዴዎች ናቸው። «ከስሪላንካ ወይም ከቻይና ማስገባት ይረክሳል» ይላሉ። ለወርቅ ካርቦን እውነታቸውን ነው፤ ያንን ለመተካት መሞከር ገንዘብ ማቃጠል ነው። ለዱቄት ካርቦን ግን ሒሳቡ ያን ያህል ግልጽ አይደለም። ዱቄቱ ርካሽና ቀላል ስለሆነ በመርከብና በጭነት መኪና ሲመጣ ከዋጋው ትልቁን ድርሻ መጓጓዣው ሊይዝ ይችላል፤ ምንዛሬ ሲጠፋም ፋብሪካው ማጣሪያውን ሳይቀይር መሥራቱን ይቀጥላል። ያኔ የሚጎዳው ከፋብሪካው በታች ያለው ወንዝ ነው። አራተኞቹ ገለፈቱን እንደ ማገዶ የሚፈልጉት የሲሚንቶና የብሪኬት አምራቾች ናቸው። እነሱ በጥሬው ከፍለው ከወሰዱት ካርቦን ሠሪው ከዚያ የበለጠ መክፈል አለበት፤ መክፈል ካልቻለ ገለፈቱ እዚያ መሄዱ ጥፋት አይደለም።

ታዲያ ከየት ይጀመር?

እነዚህን ሁሉ መዝኖ የሚቀረው ፍርድ ከሰፊው ተስፋ ጠበብ ያለ ነው። ለስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች የአጥንት ከሰል ይቅደም፤ ሥራው የታወቀ፣ ተጠቃሚው የታወቀ፣ ጥሬ ዕቃውም በየቄራው አለ። ወጪው መታቀድ ያለበት ግን ለማጣሪያው ግዢ ሳይሆን ለዓመታት መለኪያና ቅያሪ ነው። ለቡና አካባቢዎች ገለፈቱ በንጹሕ እቶን ይከስል፤ አብዛኛው ወደ አፈር ይግባ፤ ከጎኑ አንድ አነስተኛ የእንፋሎት መስመር ይተከል። ያ መስመር የሚተከለው ግን አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ አንድ የዘይት ፋብሪካ ወይም አንድ የከተማ ውሃ አገልግሎት ለዓመታት የሚገዛበትን ውል አስቀድሞ ከፈረመ ነው። ካርቦኑን ሠርቶ ገዢ ፍለጋ መውጣት በብዙ የልማት ፕሮጀክት የታየ ውድቀት ነው። እንቦጩ ለማዳበሪያ ወይም ለባዮጋዝ ይታሰብ። ሃርድ ካርቦኑ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ይቆይ፤ እዚያም የባትሪ አምራቾች በሚጠይቁት መስፈርት እንጂ በገጽ ስፋት አይለካ።

ዩኒቨርሲቲዎቹም የሚለውጡት ነገር አለ። «ከዚህ ተረፈ ምርት ካርቦን ተሠራ» የሚል ሌላ ጽሑፍ ብዙ አይጨምርም። የሚጎድለው በእውነተኛ የፋብሪካ ፍሳሽ፣ በብልቃጥ ሳይሆን ውሃ በሚፈስበት ዓምድ፣ ለሳምንታት የተካሄደ ሙከራ ነው። የሞላው ካርቦን ስንት ጊዜ ታድሶ እንደሚሠራም መለካት አለበት። ቀለም የያዘ ካርቦን ከ800 ዲግሪ በላይ ተግሎ ይታደሳል፤ ክሮሚየም የያዘው ግን ራሱ አደገኛ ቆሻሻ ነው። ሜዳ ላይ ከተጣለ ከወንዙ የወጣው መርዝ በዝናብ ወደ ወንዙ ይመለሳል።

የውሃ አገልግሎቶችና የኢንዱስትሪ ፓርኮች ዛሬ ያለ አዲስ በጀት ሊያደርጉ የሚችሉት አንድ ነገር የሚቀጥለውን የካርቦን ግዢ ጨረታ መጻፍ ነው፤ የሚይዘው ነገር በስም ተጠቅሶ፣ የመያዝ አቅሙን የሚያሳየው የአዮዲን ቁጥርና የአመዱ ጣሪያ ተቀምጦ፣ በራሳቸው ፍሳሽ እንደሚፈተን ተገልጾ፣ ሻጩ የሞላውን ካርቦን መልሶ እንዲረከብ ግዴታ ገብቶ። የአገር ውስጥ አምራች በዚያ መስፈርት ቀርቦ መወዳደር ከቻለ ይሸጣል፤ ካልቻለም ምን እንደጎደለው በቁጥር ያውቃል። ጨረታው ሳይጻፍ ስለ ጥሬ ዕቃው የሚካሄደው ክርክር ሌላ አሥር ዓመት ሊቀጥል ይችላል።